ስለ ትናንሽ ውኃዎች በካርታ ላይ አመዳደብና አሰያየም

ካርታ ሠሪ ተራራን ለመጻፍ ብዙ አይቸገርም። ተራራው በክረምትም በበጋም ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ከፍታውን ለክቶ፥ በግርጌው የሚኖረውን ሰው ስሙን ጠይቆ፥ በወረቀቱ ላይ ያሠፍረዋል። ትልልቆቹ ወንዞችም ቢሆኑ ዛሬ ያን ያህል የሚያከራክሩ አይደሉም፤ ዓባይ ወዴት እንደሚወርድ፥ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር እንደሚቀር ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጭንቁ የሚመጣው ከእነርሱ በታች ባሉት ትናንሽ ውኃዎች ላይ ነው። ከአንድ ተረተር ሥር ፈልቆ፥ ሁለት ሦስት መንደር አጠጥቶ ከሌላ ውኃ ጋራ የሚቀላቀለው፥ በነሐሴ በሬ የሚወስደውና በየካቲት እግር የማያርሰው ውኃ በካርታ ላይ ምን ተብሎ ይመደብ? ወንዝ ነውን? ጅረት ነውን? ፈፋ ነውን? ወይስ ቦይ? ስሙስ ከየት እስከ የት ይጻፍ?

ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰው የቃላት ክርክር ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ፥ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚመራው ሹም፥ መስኖ የሚቀይሰው የእርሻ ባለሙያ፥ ሁሉም ወደ ሥፍራው ከመሄዳቸው በፊት አስቀድመው የሚዘረጉት ካርታውን ነው። በካርታው ላይ ወንዝ ተብሎ የተጻፈ ውኃ ዳርቻው ይጠበቅለታል፤ ድልድይም ይታሰብለታል። ቦይ ተብሎ የተጻፈ ግን በቀላሉ ይደፈናል ወይም በቱቦ ይታሰራል፤ በላዩም ይሠራበታል። ጨርሶ ያልተጻፈው ደግሞ እንደሌለ ይቈጠራል። እንግዲህ የምድቡ ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ከወረቀቱ ወርዶ በሰውና በከብት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ትናንሾቹን ውኃዎች በመመደብና በመሰየም ረገድ እስካሁን የተሠራበት መንገድ ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ሊመረመር ይገባል።

ምርመራውን ከባላገሩ ቋንቋ መጀመር ይሻላል። አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ በአካባቢው የሚወርደውን ውኃ ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ከመሬት ፈልቆ የሚወጣው ምንጭ ነው፤ ሞቆ የሚወጣው ፍል ውኃ፥ ለፈውስ የሚጠመቁበት ጠበል ይባላል። ሳያቋርጥ ሲሄድ የሚታየው ቀጭን ውኃ ጅረት ነው። በጠባብ ስርጓጕጥ ውስጥ የሚወርደው ፈፋ፥ ጎርፍ አፈሩን በልቶ የከፈተው ሥፍራ ቦረቦር፥ ውኃ ተኝቶበት ሣር የሚበቅልበት ለጥ ያለ መሬት ጨፌ ይባላል። በእርሻም ውስጥ ሁለት ስሞች አሉ። ገበሬው የክረምቱ ዝናብ ሰብሉን እንዳያጠፋበት በማሳው ላይ በማረሻ ቀዶ ውኃውን ወደ ውጭ የሚሸኝበት መስመር ፈሰስ ነው፤ ከወንዝ ወይም ከምንጭ ጠልፎ ውኃ ወደ ማሳው የሚያገባበት ግን ቦይ ነው። አንዱ ያስወጣል፥ ሌላው ያስገባል።

በእነዚህ ስሞች ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ በስፋት ብቻ ከሌላው የተለየ አንድም አለመኖሩ ነው። ባላገሩ ውኃውን የሚለየው በአራት ጥያቄዎች ነው፤ ይኸውም ከየት መጣ? ሰው አወጣው ወይስ በራሱ ወጣ? በየትኛው ወራት ይሄዳል? ለሰው ምን ያደርጋል? የሚሉት ናቸው። ምንጭና ጠበል በአካላቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው አገልግሎታቸው ነው። ፈሰስና ቦይም በወርዳቸው እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ውኃው የሚሄድበት አቅጣጫና የገበሬው አሳብ ነው። እርግጥ ነው፥ ይህ አከፋፈል የተጻፈ ሕግ የለውም። በጎጃም ፈፋ የተባለው በሸዋ ወይም በወሎ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ጥያቄዎቹ በየትም ሥፍራ ያው ናቸው፤ ካርታ ሠሪው ሊማር የሚገባውም ከቃላቱ ይልቅ ጥያቄዎቹን ነው።

ካርታው ግን እስካሁን የመደበው በሌላ ሚዛን ነው። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት እኩሌታ ወዲህ የኢትዮጵያ ምድር ከአየር በፎቶግራፍ እየተነሣ ዝርዝር ካርታ ተሠርቶለታል፤ ከእነዚህም ውስጥ ለገጠር ሥራ በብዛት የሚያገለግለው በ1፡50,000 መስፈርት የተዘጋጀው ነው። በዚህ መስፈርት በወረቀቱ ላይ ያለ 1 ሚሊ ሜትር በምድር ላይ 50 ሜትር ያህላል። ስለዚህ 5 ሜትር ወርድ ያለው ወንዝ በልኩ ይሣል ቢባል ወርዱ የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ በሆነ ነበር፤ ይህን የመሰለ መስመር ደግሞ ዐይን አይለየውም። ስለዚህ በካርታው ላይ የሚታየው ሰማያዊ መስመር የተለካ ነገር ሳይሆን በስምምነት የቆመ ምልክት ነው። ያልተቋረጠ መስመር ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውን፥ የተቈራረጠ መስመር ደግሞ በአንዳንድ ወራት የሚደርቀውን ያመለክታል። ምልክት እንደ መሆኑ መጠን ትርጕሙ በመዳቢው ፍርድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፍርዱ ከተሳሳተ ወረቀቱ ስሕተቱን በእርግጠኛነት ይናገራል።

ፍርዱን ከሚያሳስቱት ነገሮች የመጀመሪያው ወራቱ ነው። የአየር ፎቶግራፍ ደመና በሌለበት ጊዜ ካልተነሣ አይጠቅምም። ዛሬም ቢሆን በሳተላይት የሚነሡትና ካርታ ሠሪዎች የሚገለብጧቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የጠራ ሰማይ ባለበት ወራት የተነሡ ናቸው፤ ደመናን ዘልቆ የሚያይ የራዳር መሣሪያ ቢኖርም ትናንሽ ውኃዎችን ለመሣል የሚሠራበት ጥቂት ነው። በደጋው ኢትዮጵያ ውኃው የሚበዛው ግን ደመናው በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ካርታው የሚያውቀው የምድሪቱን የበጋ ፊት ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው በጥር ቀጭን የአሸዋ ጥለት የሚመስለውን መስመር ትንሽ ነገር አድርጎ ቢመድበው አያስገርምም፤ በክረምት በዚያ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጐድል ግማሽ ቀን የጠበቀ መንገደኛ ግን በዚህ ምድብ አይስማማም።

ሁለተኛው የሚያሳስት ነገር መለኪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረውና ዛሬ በዓለም ዙሪያ ፈቃደኞች የሚሥሉት ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ነጻ ካርታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሥራ የሚመሰገንበት ብዙ ምክንያት አለው፤ ማንም ሰው የመንደሩን ውኃ ከነስሙ ሊያስገባበት ይችላል፤ ወራቱን ጠብቆ ለሚፈስ ውኃም የተለየ ምልክት አዘጋጅቷል። ነገር ግን ወንዝን ከጅረት ለመለየት የሰጠው መመሪያ፥ ጤናማና ብርቱ ሰው ዘሎ ሊሻገረው የሚችለው ውኃ ጅረት ነው፥ ከዚያ የሚሰፋው ወንዝ ነው የሚል ነው። መመሪያው ቀላልና ለማስታወስ የሚመች ነው፤ ዝናብ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍሎ በሚወርድበትና ውኃው ከወር ወር ብዙ በማይለዋወጥበት አገርም ሳይጠቅም አይቀርም። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ዘላዩ በየትኛው ወር ይዝለል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። በጥር ሕፃን የሚዘለው ውኃ በነሐሴ ጎልማሳን ከነበቅሎው ይወስዳል። አንድ መለኪያ ለአንድ ውኃ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት መልስ ከሰጠ የሚመዝነው ውኃውን ሳይሆን ወሩን ነው።

የዚህን ጉዳይ ክብደት ድሬዳዋ በኀዘን አሳይታለች። ከተማይቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፥ ይገበያይበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ከላይ ባለው ተራራማ አገር የጣለው ዝናብ በሌሊት በዚያ ደረቅ መንገድ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በዳርቻው የነበሩ ቤቶችንም ጠራርጎ ወሰደ። ደቻቱን በዘላይ ሰው መለካት ከንቱ ነው፤ በአብዛኛው ቀን የሚዘለል ውኃ የለውምና። በተቈራረጠ መስመር ማመልከቱም ብቻውን በቂ አይደለም። የተቈራረጠ መስመር በአንባቢው ዐይን ካልተቋረጠው ያነሰ፥ የደከመ፥ የማያሠጋ ውኃ ሆኖ ይታያል፤ የአደጋው ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዘወትር የሚፈሰውን ወንዝ ሰው ያውቀዋል፥ ይጠነቀቀዋልም፤ ሰውን ተኝቶ የሚያገኘው ደራሹ ውኃ ነው።

በቈላው አገር የሚኖረው ሕዝብ ይህን ልዩነት በቋንቋው ጠብቆታል። ሶማልኛ ዘወትር የሚፈሰውን ትልቅ ወንዝ ዌቢ ሲል፥ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላውን ደረቅ የውኃ መንገድ ቶግ ይለዋል። ቶግ ትንሽ ዌቢ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። ሊሰፋ ይችላል፥ ሊረዝም ይችላል፥ በደረቀም ጊዜ አሸዋው ተቈፍሮ ውኃ ይቀዳበታል። በደጋው የተለመደው ወንዝ የሚለው ቃል ለሁለቱም ሲለጠፍ ቈላው ጠብቆ ያቆየው እውቀት ይጠፋል። ካርታ ሠሪው ለቶግ የራሱን ምልክት ቢሰጠው ኖሮ፥ በዳርቻው ቤት የሚሠራ ሰው ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ባገኘ ነበር።

ሊቃውንት ይህን ሁሉ ለማስቀረት በቁጥር የሚመድብ ሌላ ዘዴ አውጥተዋል። ሆርተን እ.ኤ.አ. በ1945 የጀመረውንና ስትራለር በ1950ዎቹ ያሻሻለውን ሥርዓት የተከተለ ሰው፥ ገባር የሌለውን የመጨረሻውን ቀጭን ውኃ አንደኛ ደረጃ ይለዋል፤ ሁለት አንደኞች ሲገናኙ ሁለተኛ፥ ሁለት ሁለተኞች ሲገናኙ ሦስተኛ እየሆነ ይሄዳል። ይህ ዘዴ ለውኃ ጥናት ትልቅ ጥቅም አለው፤ የማንንም ቋንቋ አያስቀድምም። ነገር ግን ቁጥሩ በካርታው መስፈርት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1፡250,000 ካርታ ላይ አንደኛ የሆነው ውኃ በ1፡50,000 ላይ ገባሮቹ ሲታዩለት ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በቀር ውኃው መቼ እንደሚደርቅ፥ ማን እንደሚጠጣው ቁጥሩ አይናገርም። ስለዚህ ለመሐንዲሱ የሚጠቅመውን ያህል ለመንደሩ አይጠቅምም።

አማርኛ ራሱ ለደረጃ የሚሆን የቆየ ልማድ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ትልቁን ውኃ የሚመስል ወይም ወደ እርሱ የሚገባ ትንሽ ውኃ ግልገል ይባላል፤ ግልገል ዓባይ፥ ግልገል ጊቤ፥ ግልገል በለስ እንደሚባለው ነው። በሌላ ሥፍራ ደግሞ ታላቁና ትንሹ ተብሎ ይለያል፤ ታላቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ወደ ሌላ የሚገባው ውኃ ገባር መባሉም ለጌታው ግብር የሚያገባውን ሰው የሚያስታውስ ነው። እነዚህ አጠራሮች ውኃውን በዝምድና የሚያሳውቁ ናቸው፤ አንዱ የማን ልጅ፥ የማን ገባር እንደ ሆነ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ስም ከሥፍራው ከተነቀለ ትርጕሙን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ ግድብ የቆመው በኦሞ ላይ ሲሆን የሚጠራው ግን ግልገል ጊቤ ሦስት ተብሎ ነው። የአንድ መጠነኛ ገባር ስም ከመጀመሪያው ግድብ ወደ ሦስተኛው እየተላለፈ ሄዶ ግልገል ባልሆነ ውኃ ላይ ዐረፈ።

ይህ ወደ ስሞቹ ጉዳይ ያደርሳል። በስም ረገድ በጣም የተለመደው ጕድለት የዓይነት ስምን መደጋገም ነው። ለገ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ሲሆን ካርታው ለገ ዳዲ ወንዝ ይላል። ዋቢ ሸበሌ የሚለው ስም ዌቢ የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ይዞት ሳለ ዋቢ ሸበሌ ወንዝ ተብሎ ይጻፋል። በወሎ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ስሙ ሐይቅ ነው፤ ለአካባቢው ሰው ሐይቅ ማለት እርሱ ነውና ሌላ ስም አላስፈለገውም። ለሐይቆች ሁሉ ሐይቅ የሚል ቃል ይጨመር የሚል ደንብ ሲወጣ ግን ሐይቅ ሐይቅ ተብሎ ሊጻፍ ነው። መፍትሔው ስሙን መቍረጥ አይደለም፤ ለገም ዋቢም የስሙ አካል ናቸውና። መፍትሔው ውኃ መሆኑን ለመስመሩና ለቀለሙ መተው፥ ስሙ ራሱ ወንዝነቱን በሚናገርበት ሥፍራም ሁለተኛ ቃል አለመጨመር ነው።

ከዚህ የሚከፋው ቋንቋውን ሳያውቁ መመደብ ነው። ለገ የሚለው ቃል በግዴለሽነት ለጋ ተብሎ ሲጻፍ ለአማርኛ አንባቢ ያልጠና፥ ጨቅላ የሚል ሌላ ትርጕም ይሰጣል። በተቃራኒው ደግሞ በለገ የሚጀምረውን ስም ሁሉ ወንዝ ነው ብሎ የሚሰበስብ ሰው በአዲስ አበባ መካከል ለገሃርን ሲያገኝ ይሳሳታል፤ ለገሃር የባቡር ጣቢያን ከሚያመለክተው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው እንጂ ከውኃ ጋራ ዝምድና የለውም። እንዲሁም በትግርኛ ማይ ውኃ፥ ሩባ ወንዝ ነው፤ ማይ ያለበት ስም ሁሉ ግን ዛሬ የውኃ ስም አይደለም፤ ማይጨው እንደ ውኃ ሳይሆን እንደ ከተማ፥ ከዚያም ይልቅ በ1928 ዓ.ም. እንደ ተደረገው ጦርነት የሚታወስ ነው። ስሙ ውኃውን፥ መሻገሪያውን ወይም መንደሩን የሚያመለክት መሆኑን የሚያውቀው በሥፍራው ያለ ሰው ብቻ ነው። መልካ ለምሳሌ በኦሮምኛ መሻገሪያ ነው፤ መልካ ቁንጡሬ የተባለው ሥፍራ ስሙን ያገኘው ከአዋሽ መሻገሪያነቱ ነው። መልካ ያለውን ስም በወንዙ ርዝመት ሁሉ ላይ የሚዘረጋ ካርታ በሩን የቤቱ ስም አድርጎታል ማለት ነው።

ለካርታ ሠሪዎች እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ግን የስሙ ወሰን ነው። የካርታ ልማድ አንድ ውኃ ከምንጩ እስከ መጨረሻው አንድ ስም እንዲኖረው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በጄኔቫ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የመጀመሪያው የጂኦግራፊ ስሞች ጉባዔ ከተደረገ ወዲህም ለአንድ ነገር አንድ የጸደቀ ስም ይኑረው የሚለው አሳብ በመንግሥታት ዘንድ ጸንቷል። ለከተማና ለተራራ ይህ መልካም ነው። ውኃ ግን በአንድ ሥፍራ የቆመ ነገር ስላልሆነ ሰዎች የሚሰይሙት የሚያዩትን ክፍል ነው። ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል፤ ተከዜ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰቲት፥ መረብም ወደ ሱዳን ሲገባ ጋሽ ይባላል። ይህ የስም ለውጥ የታወቁ ተጓዦችን ሳይቀር አሳስቷል። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ኢትዮጵያን በትዕግሥት ከለኩት ሰዎች አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1846 ጊቤን የነጭ ዓባይ መነሻ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ኦሞ ወደ ዓባይ ሳይሆን ወደ ዛሬው ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ የተረጋገጠው ከ50 ዓመት በኋላ በጣሊያናዊው ቦቴጎ ጕዞ ነው።

በጎጃም በሰከላ ያለው የግሽ ምንጭም ስለ ስም ወሰን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ጳውሎስ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፥ ጄምስ ብሩስ በ1770 በዚያ ደርሰው የዓባይን መነሻ አየን ብለዋል። የውኃ ጥናት ባለሙያ ከግሽ የሚወርደው ውኃ ጣና ሐይቅ ከሚገቡት አንዱ ነው፥ ዓባይ የሚጀምረው ከባሕር ዳር ነው ሊል ይችላል። የአገሩ ሰው ግን ዓባይ ከሐይቁ ጋራ ሳይደባለቅ በመካከሉ አልፎ ይወጣል ይላል። ይህ አነጋገር በልኬት ባይጸናም አንድ እውነት ይዟል፤ ለዚያ ሕዝብ ስሙ የሚከተለው የውኃውን ክብርና ታሪክ እንጂ የውኃውን መጠን አይደለም። ካርታው ግልገል ዓባይ ብሎ መጻፉ ሁለቱን ወገን ያስታረቀ መልካም ምሳሌ ነው፤ ዝምድናውን ሳይክድ ደረጃውን ለይቷል።

በትናንሾቹ ውኃዎች ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይፈጸማል። ከላይ ምንጩ በባለርስቱ ስም፥ ከዚያ ዝቅ ብሎ በቤተ ክርስቲያኑ ታቦት ስም፥ ከዚያም በወፍጮው ወይም በመሻገሪያው ስም ሊጠራ ይችላል። ካርታ ሠሪው ከእነዚህ አንዱን መርጦ በመስመሩ ሁሉ ላይ ሲጽፍ የቀሩትን ይሰርዛቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በወፍጮው አጠገብ የሚኖር ሰው የራሱን ውኃ በካርታው ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው የላይኞቹን ስም ነው። ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት ቢል፥ ስለ ውኃው ቢከራከር፥ የጻፈው ስም በካርታው ላይ የለም ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንድ ብሔራዊ ካርታ ለየመንደሩ የተለየ መፍቻ ሊኖረው አይችልም፤ ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ሁሉም የየራሱን የዓይነት ስም ቢያስገባ አንባቢው ይደናገራል፤ የውኃ መጠን የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤትም ለአንድ መስመር አምስት ስም ቢሰጠው ሒሳቡን ሊይዝ አይችልም ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን አንድነት የሚያስፈልገው ለምልክቱና ለመዝገቡ እንጂ ለስሙ አይደለም። እያንዳንዱ ውኃ በመዝገብ ውስጥ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ቢኖረው፥ መሥሪያ ቤቶች በቁጥሩ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ስሞቹ ግን በየክፍሉ፥ ከየት እስከ የት እንደሚጠሩ ተለይተው ሊቀመጡ ይችላሉ። በወረቀት ካርታ ዘመን ይህን ሁሉ ለመጻፍ ቦታ አልነበረም፤ ዛሬ ካርታው በኮምፒዩተር ውስጥ ባለበት ጊዜ ቦታ የለም የሚለው ምክንያት አይሠራም።

ስለ ምድቡም እንዲሁ ጥቂት ነገር ብቻ ቢስተካከል ይበቃል። በመጀመሪያ ደረጃ ውኃው ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ፥ ወራቱን ጠብቆ የሚሄድ፥ ወይም በድንገት የሚደርስ መሆኑ ከወርዱ በፊት ይጻፍ፤ ደራሹም ከደካማው የተለየ ምልክት ይሰጠው። ሁለተኛ፥ ሰው ያወጣው ቦይና ፈሰስ በራሱ ከሚሄደው ውኃ ይለይ፤ ተፈጥሮ ያወጣችው ጅረት በከተማ ውስጥ ግራና ቀኙ በድንጋይ ስለ ተገነባ ብቻ ቦይ ተብሎ ደረጃው አይውረድ። ሦስተኛ፥ ስም የሚጠየቀው በሥፍራው ቋንቋ ይሁን፤ የሚጠየቁትም የመንደሩ ሹማምንት ብቻ ሳይሆኑ በየዕለቱ ውኃ የሚቀዱት ሴቶችና ከብት የሚያጠጡት እረኞች ይሁኑ፤ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚነጥፍ፥ የትኛው መሻገሪያ በነሐሴ እንደሚያሰጥም ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። በስተመጨረሻም፥ በበጋ የተሣለ ካርታ በክረምት ሳይመረመር አይጽደቅ።

ጊዜው የሚያስቸኵል መሆኑን አዲስ አበባ ታሳያለች። ከተማይቱ የተቈረቈረችው በፍል ውኃ ምክንያት ሲሆን ብዙዎቹ ሠፈሮችዋ ስማቸውን ያገኙት ከውኃ ነው፤ ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ቡልቡላ፥ አቃቂ የውኃ ስሞች ናቸው። ከእንጦጦ በኩል እየወረዱ ወደ አቃቂ የሚሄዱት እነዚህ ውኃዎች ለብዙ ዓመታት ቆሻሻ ሲጣልባቸው ኖረው፥ በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ዳርቻቸው እየተጠረገ በአዲስ መልክ እየተሠራ ነው። የትልልቆቹ ስም አይጠፋም፤ የታክሲ ረዳቱ በየቀኑ ይጠራዋል። ወደ እነርሱ የሚገቡት ትናንሾቹ ግን ብዙዎቹ ስማቸው በሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ዳርቻው ሲሠራ በፕላኑ ላይ በየትኛው ስምና በየትኛው ምድብ እንደሚገቡ የሚወስነው ፕላኑን የሚሥለው ሰው ነው። ይህ ሰው በቅድሚያ ወርዶ ዳር ላይ ያሉትን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ የሚያወጣው ወጪ የጥቂት ቀን ድካም ብቻ ነው። ሳይጠይቅ ቢቀር ግን የሚቀጥለው ካርታ ሠሪ የሚጠይቀውን ሰው አያገኝም።